የክሬዲት ታሪካቸው አጭር ለሆነ ተጓዦች፦ ውጭ አገር ስለሚያዝ ካርድ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ጽሑፍ አሜሪካ ውስጥ የሚኖሩ፣ የክሬዲት ታሪካቸው ገና የጀመረ ወይም የካርዳቸው ጣሪያ ከጥቂት መቶ ዶላር የማይዘል፣ ሆኖም ለቤተሰብ ጥየቃም ይሁን ለሥራ ወደ ውጭ አገር ለመሄድ የተነሡ ሰዎች ለሚያነሷቸው ጥያቄዎች መልስ ይሰጣል። የባንኮች ክፍያና ደንብ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ፣ እዚህ በስም የተጠቀሰ ማንኛውንም ካርድ ከመያዝዎ በፊት የወቅቱን የክፍያ ሰንጠረዥ ራስዎ ይመልከቱ።

ካርዴን ውጭ አገር ስጠቀም የሚቆረጥብኝ ምን ምን ነው?

ወጪው ከሦስት በኩል ይመጣል። የመጀመሪያው የውጭ ግብይት ክፍያ ነው፤ ብዙ የአሜሪካ ካርዶች ከእያንዳንዱ ግዢ 3 በመቶ ገደማ የሚወስዱት በዚህ ስም ሲሆን፣ በጉዞው 2,000 ዶላር በካርድ የከፈለ ሰው 60 ዶላር በከንቱ ሄደበት ማለት ነው። ይህ ክፍያ የሚታሰበው ውጭ አገር ሱቅ ገብተው ሲገዙ ብቻ አይደለም፤ ቤትዎ ተቀምጠው በኢንተርኔት ለአንድ የውጭ አገር ሆቴል ሲከፍሉም፣ ዋጋው በዶላር ተጽፎ እንኳ፣ ሻጩ ያለው ከአሜሪካ ውጭ ከሆነ ሊቆረጥብዎ ይችላል። ሁለተኛው የኤቲኤም ክፍያ ነው፤ አንዱን የራስዎ ባንክ፣ ሌላውን የማሽኑ ባለቤት ይወስዳል። ሦስተኛው የምንዛሪ ልዩነት ነው። ቪዛና ማስተርካርድ የሚጠቀሙበት የዕለቱ ተመን ለገበያው ዋጋ ቅርብ ስለሆነ ከእርሱ በኩል ብዙም የሚያሰጋ ነገር የለም። የሚያሰጋው ሻጩ ወይም ኤቲኤሙ «እኔ በራሴ ተመን ልመንዝርልዎ» ሲል ነው፤ ወደዚያ ኋላ እንመለሳለን።

የክሬዲት ታሪኬ አጭር ነው። የውጭ ግብይት ክፍያ የሌለው ክሬዲት ካርድ ይሰጡኛል?

ይሰጡዎታል፤ መንገዱም በአብዛኛው ሴኪዩርድ ካርድ የሚባለው፣ ዲፖዚት ተይዞ የሚከፈተው ካርድ ነው። ዲፖዚቱ መያዣ እንጂ የሚመነዘር ሂሳብ አይደለም። በካርዱ የገዙበትን በየወሩ ከሌላ ገንዘብ መክፈል አለብዎት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «200 ዶላር አስይዣለሁ፣ ከእርሱ ይቁረጡ» ብሎ ይተወውና የዘገየ ክፍያ በስሙ ይመዘገብበታል፤ ክሬዲት ሊሠራ የያዘው ካርድ ክሬዲቱን ያበላሽበታል።

በስም እንጥራ ከተባለ፣ ካፒታል ዋን በአሜሪካ በሚያወጣቸው ክሬዲት ካርዶች ላይ የውጭ ግብይት ክፍያ አይጠይቅም፤ ይህም ለጀማሪ የሚሰጠውን ሴኪዩርድ ካርድ ይጨምራል። ፕላቲኒየም ሴኪዩርድ የተባለው ካርዱ ዓመታዊ ክፍያ የለውም፤ አመልካቹ እንደ ሁኔታው 49፣ 99 ወይም 200 ዶላር አስይዞ ቢያንስ የ200 ዶላር ጣሪያ ያገኛል። ኩዊክሲልቨር ሴኪዩርድ ደግሞ ቢያንስ 200 ዶላር ይያዝበትና ከግዢው 1.5 በመቶ ይመልሳል። የሥራ ቦታዎ ወይም የአካባቢዎ ክሬዲት ዩኒየን ካለም መጠየቅ ተገቢ ነው፤ አንዳንዶቹ ክፍያውን ጨርሶ አይጠይቁም፣ ሌሎቹም ከትልልቆቹ ባንኮች ያነሰ ይወስዳሉ።

ይሁን እንጂ ሴኪዩርድ የተባለ ሁሉ ከክፍያ ነፃ ነው ብለው አይውሰዱት። ሕጉ ባንኮች ከማመልከቻው ጋር የክፍያ ሰንጠረዥ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ ማስታወቂያው ላይ ያሉትን የአውሮፕላንና የባሕር ዳርቻ ሥዕሎች አልፈው፣ በዚያ ሰንጠረዥ ውስጥ የውጭ ግብይት የሚለው ረድፍ «የለም» ማለቱን ያረጋግጡ። ይህ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከእርሱ በፊት ስለ ካርዱ ቀለምም ሆነ ስለ ሽልማቱ ማሰብ አያስፈልግም።

ከጉዞው ስንት ጊዜ ቀድሜ ልጀምር?

ቢቻል ስድስት ወር። ባንኮች የተበዳሪን ታማኝነት የሚመዝኑበት የፊኮ ነጥብ እንዲወጣልዎ ቢያንስ አንድ ስድስት ወር የሞላው የክሬዲት አካውንት ሊኖርዎ ስለሚገባ፣ ዛሬ የተከፈተ ካርድ በሚቀጥለው ወር የተሻለ ካርድ አያስገኝም። ጉዞው የቀረበ ከሆነ ግን ቢያንስ ካርዱ በፖስታ የሚደርስበትን፣ ፒን የሚወጣበትንና አንድ ሁለት ጊዜ እዚሁ ሠፈር ገዝተው የሚሞክሩበትን ጊዜ ያስቡ። በብዙ ባንኮች ድረ ገጽ ላይ ነጥብዎን ሳይነካ «ሊፈቀድልዎ ይችላል» ወይም «አይችልም» የሚል ቅድመ ምርመራ አለ፤ መጀመሪያ በእርሱ ይሞክሩ እንጂ አምስት ባንክ ጋ ተከታትለው አያመልክቱ፤ እያንዳንዱ ሙሉ ማመልከቻ በክሬዲት ሪፖርትዎ ላይ ለሁለት ዓመት ይቀመጣልና። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ለሌለው ሰው አይቲን የሚባለውን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የሚቀበሉ ባንኮች አሉ።

የካርዴ ጣሪያ 200 ዶላር ነው። ይህ ለጉዞ ይበቃል?

ለግዢ ሊበቃ ይችላል፤ ለሆቴል ግን አይበቃም። ስለ 3 በመቶው ብዙ ይወራል፣ ጣሪያቸው ዝቅተኛ የሆነ ተጓዦችን በተግባር የሚያስቸግረው ግን ሆልድ የሚባለው ጊዜያዊ እገዳ ነው። ሆቴሎች ለሚኒባርና ለጉዳት መጠባበቂያ እያሉ ከክፍሉ ዋጋ በላይ የተወሰነ ገንዘብ በካርድዎ ላይ ይይዛሉ። ገንዘቡ አልተወሰደም፤ ነገር ግን አይንቀሳቀስም። ለአንድ ሌሊት 50 ዶላር የሚይዝ ሆቴል ለአራት ሌሊት 200 ዶላር ያዘ ማለት ነው፤ የእርስዎም ጣሪያ እዚያው አለቀ።

እኔ ይህንን የተማርኩት በአንዲት የትራንዚት ከተማ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እንግዳ ተቀባዩ ካርዴን አሳልፎ ቁልፍ ሰጠኝ፤ ምንም አላለኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ጠዋት ቁርስ በልቼ ልከፍል ስል ያው ካርድ ተመለሰብኝ። አስተናጋጁ ማሽኑን ሸሚዙ ላይ ጠረግ አድርጎ ደግሞ ሞከረ፤ እንደገና ተመለሰ። ዕዳ አልነበረብኝም፤ ያልነካሁት ሚኒባር ብቻ ጣሪያዬን ይዞት ነበር። ኪሴ ውስጥ ሌላ ካርድ ባይኖር ኖሮ ቁርሱን በምን እንደምከፍለው አላውቅም።

ስለዚህ ክፍል ሲይዙ የሚያዘው ገንዘብ ስንት እንደሆነ በኢሜይል ይጠይቁ፣ ክፍሉንም ቢቻል አስቀድመው ከፍለው ይሂዱ። መጠባበቂያውን በጥሬ ገንዘብ የሚቀበሉ ሆቴሎች አሉ፤ ደረሰኝ ይያዙ እንጂ ይህ ጣሪያዎን ያድንልዎታል። በዴቢት ካርድ ማስያዝ ግን አይመከርም፤ በዚያ በኩል የሚታገደው የባንኩ ገንዘብ ሳይሆን የእርስዎ የራስዎ ስለሆነ፣ ሆቴሉን ከለቀቁ በኋላ እገዳው እስኪነሣ ጥቂት ቀናት ሊወስድ ይችላል፣ እስከዚያው ግን ለታክሲ ያሰቡት ገንዘብ ተቆልፎ ይቆያል። መኪና ለመከራየት ላሰበ ሰው ነገሩ ይብሳል፤ አከራዮች የሚይዙት ብዙውን ጊዜ ከሆቴሎች ይበልጣልና በ200 ዶላር ጣሪያ መኪና እከራያለሁ ብሎ መነሣት አያዋጣም።

ጣሪያውን ለማስፋት ሁለት ቀላል መንገዶች አሉ። አንደኛው ካርዱ ሲከፈት ከዝቅተኛው በላይ ማስያዝ ነው፤ 500 ዶላር ማስያዝ የሚችል ሰው 200 አስይዞ መሄድ የለበትም። ሁለተኛው ስቴትመንት እስኪመጣ ሳይጠብቁ በየሦስት አራት ቀኑ በስልክ መተግበሪያው መክፈል ነው፤ ሲከፍሉ ጣሪያው እንደገና ይከፈታል፣ ምንም እንኳ ክፍያው እስኪጸድቅ አንድ ሁለት ቀን ሊወስድ ቢችልም። ይህ ልማድ ለነጥብዎም ይበጃል፤ በፊኮ ስሌት ውስጥ 30 በመቶ የሚሆነው ክብደት የዕዳው መጠን ሲሆን፣ ጣሪያውን ሞልቶ የተመዘገበ ካርድ በወቅቱ ቢከፈል እንኳ ነጥብ ዝቅ ያደርጋል።

ከኤቲኤም ገንዘብ በየትኛው ካርድ ላውጣ?

በዴቢት ካርድ። በክሬዲት ካርድ ጥሬ ገንዘብ ማውጣት ብድር መውሰድ ነው፤ አብዛኞቹ ባንኮች የገንዘቡን 5 በመቶ ያህል ወይም 10 ዶላር፣ የቱም ይብዛ፣ ወዲያው ይቆርጣሉ፣ ወለዱም ለግዢ እንደሚሰጠው ያለ የእፎይታ ጊዜ ሳይኖረው ከዚያው ቀን መቁጠር ይጀምራል።

የዴቢት ካርዱም ቢሆን ይለያያል። ባንክዎ ለአንድ ማውጫ 5 ዶላርና 3 በመቶ የሚወስድ ነው እንበል፤ 200 ዶላር ባወጡ ቁጥር 11 ዶላር ይሄዳል፣ በጉዞው አምስት ጊዜ ቢያወጡ 55 ዶላር ይሆናል፤ የማሽኑ ባለቤት የሚወስደው ገና አልተቆጠረም። በዚህ በኩል በተጓዦች ዘንድ ስሙ የሚነሣው የቻርልስ ሽዋብ ባንክ የቼኪንግ አካውንት ነው፤ የዴቢት ካርዱ የውጭ ግብይት ክፍያ የለውም፣ በየትኛውም አገር ያለ ኤቲኤም ያስከፈለዎትንም በወሩ መጨረሻ ይመልሳል። አካውንቱ የሚከፈተው ከአንድ የኢንቨስትመንት አካውንት ጋር ተያይዞ ስለሆነ አንዳንድ ሰው ይሸሸዋል፤ ይሁንና አክሲዮን የመግዛት ግዴታ የለበትም፣ ወርኃዊ ክፍያም ሆነ ዝቅተኛ ተቀማጭ አይጠየቅበትም።

ከመሄድዎ በፊት ፒንዎ ባለ 4 አሃዝ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከዚያ የረዘመ የማይቀበሉ ማሽኖች አሉ። ፒኑን በፊደል የሚያስታውሱ ከሆነ በቁጥር ይያዙት፤ የብዙ አገር ማሽኖች ቁልፍ ላይ ፊደል የለም። ገንዘቡም ሴቪንግ ውስጥ ሳይሆን ቼኪንግ ውስጥ ይሁን፤ ውጭ አገር ያለው ማሽን ብዙውን ጊዜ ከቼኪንግ ብቻ ነው የሚያወጣው። ደግሞም ሁሉንም በአንድ ጊዜ ቼኪንግ ላይ አይከምሩት። በየሳምንቱ የሚያስፈልገውን ብቻ ከሴቪንግ በስልክ ማሻገር፣ ካርዱ ሌላ እጅ ቢገባ ጉዳቱን ይቀንሳል።

ማሽኑ «በዶላር ልክፈል ወይስ በአገሩ ገንዘብ?» ሲለኝ ምን ልምረጥ?

ሁልጊዜ የአገሩን ገንዘብ። ፍራንክፈርት ውስጥ 300 ዩሮ የሆቴል ሂሳብ ሲከፍሉ ትንሿ ስክሪን ላይ ሁለት ቁጥሮች ይመጣሉ፤ አንዱ በዩሮ፣ ሌላው በዶላር፣ የዶላሩ ብዙ ጊዜ ከላይ ወይም ደመቅ ብሎ። የሚያውቁትን ገንዘብ ማየት ደስ ይላል፤ ነገር ግን ያ ቁጥር የተሰላው በሻጩ ባንክ ተመን ነው፣ ልዩነቱ 6 በመቶ ቢሆን 18 ዩሮ ባዶውን ሄደ ማለት ነው። የውጭ ግብይት ክፍያ የሌለው ካርድ መያዝዎ ከዚህ አያድንዎትም፤ ክፍያው የተደበቀው ተመኑ ውስጥ ነውና። 3 በመቶ የሚወስድ ካርድ የያዘ ሰው ደግሞ በዶላር ከፍሎም፣ ሻጩ ውጭ አገር ስላለ ብቻ፣ ሁለቱንም ሊከፍል ይችላል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህ ልዩነት ከአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ተመን ጋር ተነጻጽሮ በመቶኛ እንዲታይ ሕግ ያዛል፤ ስለዚህ ቁጥሩ እዚያው ስክሪን ላይ አለ፣ የሚያነበው ጥቂት ሰው ነው እንጂ።

ኤቲኤም ላይ ጥያቄው ይበልጥ ያደናግራል። «ምንዛሪውን ይቀበላሉ?» ሲል «አልቀበልም» የሚለውን ቢጫኑ ገንዘቡ የሚቀር ይመስላል፤ አይቀርም። የሚቀረው የማሽኑ ምንዛሪ ብቻ ነው፤ ገንዘቡ በራስዎ ባንክ ተመን ይወጣል። አስተናጋጅ ሳይጠይቅዎ በዶላር ካሳለፈውም ደረሰኙን ሳይፈርሙ ሰርዞ በአገሩ ገንዘብ እንዲደግመው መጠየቅ መብትዎ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ የአሜሪካ ካርድ ይሠራል?

በከተማ ኤቲኤሞችና በትልልቅ ሆቴሎች ይሠራል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ዳሽንና አቢሲኒያን የመሳሰሉ ባንኮች ማሽኖች ቪዛና ማስተርካርድ ይቀበላሉ፤ የሚወጣውም ብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት በካርድ መክፈል ያስቆጭ ነበር፤ ባንኮች ዶላሩን 57 ብር ገደማ ሲያስቡት የጥቁር ገበያው ዋጋ ግን እጅግ ይበልጥ ስለነበር፣ በካርድ የከፈለ ሰው ከማንኛውም የባንክ ክፍያ የከበደ ኪሳራ ነበረበት። ከዚያ ወዲህ የባንኮቹ ተመን ከፍ ስላለ ይህ ኪሳራ ቀንሷል።

ይሁን እንጂ በካርድ ብቻ እተዳደራለሁ ብሎ ወደ አገር ቤት መግባት አይቻልም። ታክሲውም፣ የሠፈር ሱቁም፣ አትክልት ተራም የሚሠሩት በጥሬ ብር ወይም በቴሌብርና በባንክ መተግበሪያ ዝውውር ነው። ኤቲኤሙ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ብር ጣሪያ አለው፤ ስለዚህ ለአንድ ማውጫ 5 ዶላር የሚወስድ ዴቢት ካርድ እዚህ ከሌላ አገር ይልቅ ይጎዳል፣ ክፍያውን የሚመልስ ካርድም እዚህ ይበልጥ ይጠቅማል። ኔትወርክ የለም የሚል ማሽን ፊት መቆምም ስለማይቀር፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት የሚያሻግር ጥሬ ዶላር ይዞ ገብቶ በባንክ መመንዘር ጥሩ ነው። ከ10,000 ዶላር በላይ ይዞ ከአሜሪካ የሚወጣ ሰው ለጉምሩክ ማስታወቅ እንዳለበት አይዘንጉ። አዲስ አበባ ውስጥ ሂሳቡን በዶላር የሚነግርዎ ሆቴል ቢኖርም፣ ከላይ እንደተባለው ሻጩ ያለው ውጭ አገር ነውና 3 በመቶ የሚወስደው ካርድ እዚያም ይወስዳል።

የዲስከቨር ካርድ አለኝ። ይበቃኛል?

ዲስከቨር የውጭ ግብይት ክፍያ የለውም፤ የሚቸግረው የሚቀበለውን ሻጭ ማግኘት ነው፣ ምክንያቱም በብዙ አገሮች ከቪዛና ከማስተርካርድ ጋር የሚተካከል ስርጭት የለውም። እንደ ተጨማሪ ይያዙት እንጂ ብቸኛ ካርድ አያድርጉት። ካፒታል ዋን በ2025 እ.ኤ.አ. ዲስከቨርን ከገዛ በኋላ የዴቢት ካርዶቹን ወደ ዲስከቨር መስመር ማዛወር ስለጀመረ፣ የቆየ ደንበኛም ቢሆኑ በእጅዎ ያለው ካርድ ላይ ያለውን አርማ አይተው ይነሡ።

ጊፍት ካርድ ወይም አስቀድሞ የሚሞላ ካርድ ይዤ ብሄድስ?

ከግሮሰሪ የሚገዛው ጊፍት ካርድ ብዙውን ጊዜ ከአሜሪካ ውጭ እንዳይሠራ የተደረገ ነው፤ ጀርባውን ያንብቡ። እንደ ዋይዝ ያሉት፣ ገንዘብ ተሞልቶባቸው በብዙ ዓይነት ገንዘብ የሚከፍሉት ካርዶች ግን ክሬዲት ሳይጠይቁ ስለሚሰጡ ጥሩ መጠባበቂያ ናቸው፤ በነፃ ከኤቲኤም የሚያወጡት መጠን ግን ውስን ነው።

ማይል የሚሰጥ፣ ዓመታዊ ክፍያ ያለው ካርድ ይሻለኝ ይሆን?

ጣሪያው 300 ዶላር በሆነ ካርድ የሚጠራቀም ማይል የትም አያደርስም። በተለይ «ክሬዲት ለሌለው ሁሉ» እያሉ በፖስታ የሚመጡትን ይጠንቀቁ። የ2009 እ.ኤ.አ. የክሬዲት ካርድ ሕግ በመጀመሪያው ዓመት የሚጠየቀው ክፍያ ከጣሪያው 25 በመቶ እንዳይበልጥ ቢከለክልም፣ በ300 ዶላር ጣሪያ ላይ 75 ዶላር መውሰድ በሕግ የተፈቀደ ነው ማለት ነው፤ ያ ገንዘብ ዲፖዚት ቢሆን ኖሮ ተመላሽ ነበር።

ካርዴ ቢሰረቅ ወይም ባንኩ ቢያግደውስ?

ክሬዲት ካርድ ላይ ያልፈቀዱት ግዢ ቢፈጸም በአሜሪካ ሕግ ተጠያቂነትዎ ከ50 ዶላር አይበልጥም። ዴቢት ካርድ ላይ ግን ሰዓቱ ይቆጥራል፦ መጥፋቱን ካወቁ በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ ካሳወቁ 50 ዶላር፣ ከዚያ ካለፈ እስከ 500 ዶላር፣ ስቴትመንቱ ከተላከ 60 ቀን ካለፈ በኋላ ለሚወሰደው ደግሞ ሙሉው ሊሆን ይችላል። ለሱቅና ለሆቴል ክሬዲቱን፣ ለኤቲኤም ብቻ ዴቢቱን መጠቀም የሚመረጠው ለዚህም ነው። ሁለቱን በአንድ ቦርሳ አይያዙ።

የታገደ ካርድን ለማስከፈት ባንኩ ኮድ የሚልከው በአሜሪካ ስልክ ቁጥርዎ ነው። ቦሌ ደርሰው ሲሙን አውጥተው የኢትዮጵያውን ካስገቡ ኮዱ አይደርስዎትም፤ ገንዘብ እያለ ካርዱ ተዘግቶ የሚቀርባቸው ብዙዎቹ በዚህ ምክንያት ነው። ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ይጠቀሙ ወይም ከመነሣትዎ በፊት ማረጋገጫው በባንኩ መተግበሪያ እንዲመጣ ያስተካክሉ፤ ከካርዱ ጀርባ ያለውን የውጭ አገር ስልክ ቁጥርም በወረቀት ጽፈው ከካርዱ ለይተው ያስቀምጡ።

ስመለስ ካርዱን ዘግቼ ዲፖዚቴን ልውሰድ?

ለመዝጋት አይቸኩሉ። ዓመታዊ ክፍያ ከሌለው ካርዱ ተከፍቶ መቆየቱ ለክሬዲት ታሪክዎ ዕድሜ ይጠቅማል፤ በወቅቱ ሲከፍሉ ከቆዩ ባንኩ ራሱ ዲፖዚቱን መልሶ ወደ መደበኛ ካርድ ሊያሻሽልልዎ ይችላል። በተለይ ውጭ አገር የመለሱት ዕቃ ወይም የሰረዙት ክፍል ካለ ገንዘቡ የሚመለሰው ወደዚያው ካርድ ስለሆነ፣ ተመላሹ እስኪገባ ጠብቁ። የሚገባውም በተመለሰበት ቀን ተመን ስለሚሰላ፣ ከከፈሉት ጥቂት ዶላር ቢያንስ ወይም ቢበልጥ ስህተት ተፈጽሟል ማለት አይደለም።